ከምርቃቱ ወንበር ወደ መድረኩ

በባሕር ዳር በሚዘጋጁ ሕዝባዊ መድረኮች ላይ አረጋውያን የታወቀ ቦታ አላቸው። ዝግጅቱ ሊጀመር ሲል ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጭራ የያዙ አባቶች ከፊት ረድፍ ተነሥተው ይመርቃሉ፤ ታዳሚው «አሜን» ይላል፤ ከዚያም ወደ ወንበራቸው ይመለሱና እስከ ፍጻሜው ድረስ የወጣቶቹን ውዝዋዜ ሲመለከቱ ይቆያሉ። እናቶች ደግሞ በእልልታ ያደምቃሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 በወሰነው መሠረት በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ቀን፣ በእኛ መስከረም 21 ቀን ገደማ በሚከበረው የአረጋውያን ቀን እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ይኸው ነው። ምርቃት ታላቅ ነገር ነው፤ እኔም ተመርቄ ያደግሁ ሰው በመሆኔ ዋጋውን አሳንሼ አላየውም። ይሁን እንጂ ስድሳና ሰባ ዓመት የኖረ ሰው ለመድረክ የሚያበረክተው የጥቂት ደቂቃ ምርቃት ብቻ ነው የሚለውን ልማድ ልቀበለው አልቻልሁም። ዛሬ የምጽፈውም በሰፈራችን ያለን አረጋውያን ተሰባስበን፣ ቃሉንም እንቅስቃሴውንም ራሳችን ፈጥረን፣ በጣና ዳር ስላቀረብነው የውዝዋዜና የተውኔት ትርኢት ነው።

ቡድናችን የተሰባሰበው ከአንድ የሰፈር እድር አባላትና ከጡረተኞች መካከል ነው። ሴቶች ይበዛሉ። የፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩ፣ ጠላ ጠምቀው ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ በሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠመዱ፣ በጽሕፈት ቤት ያገለገሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ሰዎች አሉበት። እኔ ከመምህርነት በጡረታ የተገለልሁ በመሆኔ የጸሐፊነቱ ሥራ ተሰጠኝ፤ በልምምድ ጊዜ የሚባለውን ሁሉ የምመዘግበው እኔ ነኝ።

የእነዚህን ሰዎች ዕድሜ ስናሰላ የከተማዋን ዕድሜ እንዳሰላን ይቆጠራል። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተሠራው ፖሊቴክኒክ ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ከጎጃምም ከበጌምድርም እንጀራ ፍለጋ የመጣው ሕዝብ ነው በሐይቁ ጠርዝ የነበረችውን ትንሽ ቦታ ሰፊ ከተማ ያደረጋት። በቡድናችን ውስጥ ካሉት መካከል ያን ጊዜ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የመጡ አሉ። ስለዚህ ለትርኢቱ ታሪክ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ያስቸገረን ታሪኩን በምን መልክ እናሳየው የሚለው ነበር፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን ስለ ውዝዋዜ ስናስብ ወዲያው በዓይናችን የሚመጣው በቴሌቪዥን የምናየው፣ ወጣቶች በአንድነት እየዘለሉ በፍጥነት የሚያቀርቡት የመድረክ እስክስታ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጉልበቱ ለሚያምመው ሰው አይሆንም።

መንገዱን የከፈተልን በሻይ ሰዓት የታየ ነገር ነው። በፋብሪካው ፈትል ክፍል አብረው የሠሩ ሁለት እናቶች በግቢው ወዲያና ወዲህ ተቀምጠው፣ መካከላቸው ሌሎቻችን እየተነጋገርን ሳለ፣ እነሱ አንዲት ቃል ሳያወጡ በእጃቸው ያወሩ ነበር። አንደኛዋ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አጋጥመው አሹ፤ ሌላዋ መዳፋቸውን ከትከሻቸው ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ፤ ከዚያም ሁለቱም ሳቁ። ምን እንደሚባባሉ ጠየቅናቸው። በፈትል ክፍል የማሽኑ ድምፅ ሰው ከሰው ስለማያሰማማ ሠራተኞቹ የሚግባቡት በምልክት እንደነበር ነገሩን። ጣት ማሸት «ክር ተበጥሷል» ማለት ነው፤ ትከሻን መምታት «አለቃ መጣ» ነው፤ መዳፍን ከወለሉ ከፍ አድርጎ መያዝ «ልጅሽ እንዴት ነው?» ነው፤ የመዳፉ ከፍታ የልጁን ቁመት ያሳያል፤ ከዓመት ዓመት ልጁ ሲያድግ መዳፉም ከፍ ይላል። ይህን የመጨረሻውን ሲያሳዩን አንደኛዋ እናት መዳፋቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው፣ ወደ ወገባቸው፣ ወደ ደረታቸው፣ ከራሳቸውም በላይ አድርሰው፣ እዚያ ላይ አቆዩት። ልጃቸው ከአገር ከወጣ ቆይቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የትርኢታችን የመጀመሪያ ክፍል ምን እንደሚሆን አከራካሪ አልነበረም። የተበጠሰ ክር የሚቀጠልበት እንቅስቃሴ በራሱ ውዝዋዜ ነው፤ ቀኝ እጅ ጫፉን ይፈልጋል፣ ግራ እጅ ይቀበላል፣ ጣቶች ያሻሉ፣ ክርኑ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ሰውነት አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይሄድና ቀጣዩን ክር ይይዛል። ይህንኑ በከበሮ ምት አድርገን ስንደጋግመው ትከሻ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ማንም «አሁን እስክስታ ምቱ» ሳይል እናቶቹ እስክስታ ላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ አካባቢያችን እስክስታ አንድ ነገር ልበል፤ ከአረጋውያን ጋር ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ጠቃሚ ይመስለኛል። የጎጃምና የጎንደር ውዝዋዜ ክብደቱ ያለው በትከሻ፣ በደረት፣ በአንገትና በትንፋሽ ላይ ነው፤ እግር ምቱን ይጠብቃል እንጂ ዋናውን ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ጉልበቱን ሪህ የያዘው ወይም ምርኩዝ የማይለየው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ምንም ሳይጎድልበት እስክስታ ሊወርድ ይችላል። በቡድናችን ካሉት ሁሉ ትከሻቸው የሚደነቀው ከወንበር የማይነሡት እናት ናቸው። በሌላ አገር ከአረጋውያን ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎች ተቀምጦ የሚሠራ ውዝዋዜ ለመፍጠር ብዙ ይደክማሉ፤ እኛ ግን አባቶቻችንና እናቶቻችን አዘጋጅተው ትተውልናል።

ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች የራሳቸውን ውዝዋዜ ሠርተው ለሕዝብ ማቅረባቸው በእኛም አገር እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ የተቋቋመው አዱኛ የተባለው ቡድን ከችግረኛ ቤተሰብ በመጡ ወጣቶች ይህንኑ ሠርቷል። በለንደን የሚገኘው ሳድለርስ ዌልስ ቲያትር ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎችን ያቀፈ የውዝዋዜ ቡድን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ጀርመናዊቷ የውዝዋዜ ደራሲ ፒና ባውሽም ቀደም ሲል በሙያተኞች ያቀረበችውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2000 ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ በሆኑ የዉፐርታል ከተማ ነዋሪዎች ደግማ አቅርባዋለች። እነዚህን የምጠቅሰው ቡድናችንን ከእነሱ ጋር ለማስተካከል ሳይሆን፣ «በዚህ ዕድሜ መድረክ ላይ መውጣት አያሳፍርም ወይ?» ብለው ለጠየቁን ልጆቻችን መልስ ሆነው ስላገኘኋቸው ነው። ጥያቄው የመጣው ከክፋት ሳይሆን ለወላጅ ክብር ከማሰብ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም የወላጅ ክብር ዝም ብሎ በመቀመጥ ብቻ ይጠበቃል የሚል እምነት የለኝም።

የጤናውም ጉዳይ ቢሆን ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ከዚህም ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያጎለብት እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም ከመውደቅ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ከመረመራቸው የአካል እንቅስቃሴዎች ውስጥ ከአእምሮ መዘንጋት ሕመም መቀነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ውዝዋዜ ብቻ መሆኑን ጽፏል። ይህ ውዝዋዜ ሕመሙን ይከለክላል ማለት አይደለም። ነገር ግን እንቅስቃሴ ማስታወስ፣ ምት መጠበቅና ከጎን ካለው ሰው ጋር መጣጣም በአንድነት የሚጠይቀውን ሥራ የሠራ ሰው፣ ሲጨርስ አእምሮው እንደነቃ ራሱ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የትርኢቱ ክፍል የታንኳ ነው። በጣና ዳር ከሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ አንድ አባት አሉን፤ በልጅነታቸው ደንገል እያጨዱ፣ እያሰሩ፣ ታንኳ እየሠሩ ያደጉ ናቸው። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቅ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ስለዚህ ታንኳ የሚነዳ ሰው ሁልጊዜ ታንኳ ሠሪ ነው። እኒህ አባት መቅዘፍ ሊያስተምሩን በረድፍ አስቀመጡንና ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቀርከሃ ሰጡን። ሁላችንም በክንዳችን ስንታገል ተመልክተው፣ «ወገባችሁ ዝም ይበል፤ ትከሻችሁ ይዙር» አሉን። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ በመካከሉ ደግሞ ቀርከሃው ከውኃ ወጥቶ ጠብታው እስኪራገፍ ድረስ ትንሽ ዝምታ አለ። ከበሮ መቺያችን ያችን ዝምታ በምት ሊሞሏት ሲሉ እሳቸው በእጃቸው ከለከሉ። በትርኢቱ ቀን ሕዝቡ ጸጥ ያለው በዚያች ቦታ ላይ ነበር። ደንገሉ ራሱ እንደ ቀድሞው በየዳርቻው አይገኝም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም ለዓሣ አጥማጆች ሌላ መከራ ሆኗል። አባታችን ይህን በንግግር እንዲጨምሩ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ እሳቸው ግን ሲቀዝፉ መቅዘፊያው አረም ይዞት እንደቆመ አድርገው ማሳየቱን መረጡ። ከማንኛውም ንግግር የበለጠ የተናገረው እሱ ነው።

ድንበር ያስፈለገበትም ቦታ ነበር። ከመካከላችን አቋቋም የተባለውን የቤተ ክርስቲያን የዝማሬ ትምህርት የተማሩ አንድ መሪጌታ አሉ፤ የመቋሚያና የጸናጽል ዝማሜ ለሚያውቅ ሰው በእንቅስቃሴ ረገድ ከእሳቸው የሚበልጥ አስተማሪ የለም። አንዳንዶቻችን ወረብ በትርኢቱ ውስጥ እንዲገባ ፈለግን። መሪጌታው ግን ወረብ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ አገልግሎት እንጂ ለተመልካች የሚታይ አለመሆኑን በትሕትና ነገሩን፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። እሳቸው ያደረጉልን ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ሳይገፋፋና ሳይሽቀዳደም በአንድ ትንፋሽ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አስተማሩን። ሙስሊም አባሎቻችንም ክርስቲያን አባሎቻችንም ይህን በእኩል ተማሩት። በእኔ አስተያየት የጋራ ትርኢት ሲሠራ «አይሆንም» የሚል ሰው መኖሩ ሥራውን ያጠራዋል እንጂ አያጎድለውም።

በቡድናችን ውስጥ በወጣትነታቸው መድረክ የሚያውቁ ሰዎችም አሉ። በደርግ ዘመን ቀበሌውም ፋብሪካውም የየራሱ የኪነት ቡድን ነበረው፤ የጎጃም ክፍለ ሀገር ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን ደግሞ ስሙ የታወቀ ነበር። የቀበሌ ኪነት አባል የነበሩ አንዲት እናት አሰላለፉን፣ አገባብና አወጣጡን ዛሬም አልዘነጉትም። ያን ጊዜ ግን የሚዘፈነው ቃል ከላይ ተጽፎ ይመጣ ነበር። እሳቸው በመጀመሪያዎቹ ልምምዶች «ቃሉን ማን ይሰጠናል?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁ ነበር፤ ቃሉ ከእሳቸው እንደሚጠበቅ ሲያውቁ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ፤ በኋላ ሲጀምሩ ግን የሚያቆማቸው አልተገኘም።

ቃለ ተውኔቱን አስቀድሜ ጽፌ ላከፋፍል አላሰብሁም። አንዳንዶቹ ዓይናቸው ደክሟል፤ አንዳንዶቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሁሉም ግን በሠርግ፣ በደቦና በልቅሶ ቤት አንዱ ሲያወርድ ሌላው እየተቀበለ ያደጉ ናቸው። ስለዚህ በየትዕይንቱ የሚባለውን ነገር ተነጋግረን እንወስናለን፤ አውራጇ በራሷ ቃል ትናገራለች፤ ተቀባዮች ያቺን የተስማማንባትን አንዲት መስመር ብቻ ይይዛሉ። አውራጅ ብትዘነጋ ተቀባይ ይደግፋታል፤ ተመልካቹም የተዘነጋ ነገር መኖሩን አያውቅም። ከዚህ የተሻለ የአረጋውያን የተውኔት አሠራር አላየሁም። በፋብሪካው ትዕይንት ላይ ከፈታዮቹ አንዷ የደረደሯት ግጥም ይህች ናት፦

እኔ የፈተልኩት ለብሶታል ያገር ሰው፤
የኔን ገላ ደግሞ ማን መጥቶ ያልብሰው።

ይህች ግጥም አከራክራለች። «ልመና ይመስላል፤ እኛ ለማኞች አይደለንም» ያሉ ነበሩ፤ በተለይ ወንዶቹ። ደራሲዋ እናት ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ለምነው እንደማያውቁ፣ ይህ ጥያቄ እንጂ ልመና አለመሆኑን፣ የሚመልስ ካለ ይመልስ ብለው አስረዱ። ግጥሟ ሳትሰረዝ ቀረች። እኔም ባለመሰረዟ ደስ ይለኛል፤ ስለ አረጋውያን ሲዘጋጅ ሁሉ ነገር ምስጋናና ደስታ ብቻ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ብዙ ነውና።

ልምምድ የምናደርገው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰዓቱን ለመወሰን ብዙ ነገር ማገናዘብ ነበረብን። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ቀትር ይከብዳል፤ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በተገናኙበት ወቅት አብዛኛው ሰው ሆዱ ባዶ ስለሚሆን ተቀምጠን ቃል ብቻ እንለማመዳለን። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሰዓታቸውን እርስ በርስ ያስታውሳሉ። የምንጠቀመው የእድሩን ወንበር ነው፤ ክንድ መደገፊያ ያለው ወንበር ለመነሣት ስለሚረዳ የፕላስቲክ ወንበር ስንገዛ ያን መርጠናል። ወለሉ ሲረጥብ ልምምድ የለም። እድርተኛ ካረፈም ልምምድ የለም፤ ድንኳኑ ውስጥ ሁላችንም አለን፤ እዚያ ተቀምጠን ግን የሥራው ነገር ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ አላስታውስም።

ትርኢቱን ያቀረብነው በሐይቁ ዳር፣ በዋርካ ጥላ ሥር ነው። አዳራሽ ብንጠይቅ ኖሮ መብራትና ድምፅ ማጉያ እናገኝ ነበር፤ ነገር ግን እናቶቹ የሚመጣው ሰው ልጁን አዝሎ፣ ቡናውን አቋርጦ፣ ሳይፈራ እንዲቆም ፈለጉ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት ነፋስ ያነሣል፤ ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርን። ልብስም ቢሆን ለመድረክ ተብሎ የሚሰፋውን ባለ ደማቅ ጥልፍ አንድ ዓይነት ልብስ አልለበስንም። እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ሳጥን ያወጣውን ለበሰ፤ አንደኛዋ ፈታይ የፋብሪካ ሽርጣቸውን አስቀምጠውት ኖሮ ይዘውት መጡ።

ሕዝቡ በመጀመሪያ ሳቀ። ሽማግሌ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ አየር ሲቀዝፍ ሲያይ ልጅ ቢስቅ አይፈረድበትም። እናቶቹ ምልክቱን ሲጀምሩ ግን ከተመልካቹ መካከል አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከቆሙበት ሆነው በምልክት መለሱላቸው፤ ትከሻቸውን ሁለት ጊዜ መቱ። የፋብሪካው ሰው ነበሩ። እናቶቹ ትርኢቱን ሳያቋርጡ በዚያው ምት ወደ ሴትዮዋ ዞረው «ልጅሽ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቋቸው፤ ሴትዮዋም መዳፋቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። ይህ በልምምድ ያልነበረ ነው። ሴትዮዋ ዛሬ የቡድኑ አባል ናቸው።

አሁን ስለ ቀጣዩ ሥራ እየተከራከርን ነው። አንዱ ወገን የቅዳሜ ገበያን ይፈልጋል፤ ሌላው ወገን በጀልባ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅና እስከ ጎርጎራ የሚደረገውን የድሮ ጉዞ፣ በላዩ ላይ የሚጫነውን ቡናና እህል፣ የሚሳፈረውን ሙሽራና አስታማሚ ማሳየት ይሻላል ይላል። እኔ ለጀልባው አደላለሁ፤ ምክንያቱም በጀልባ ላይ ሁሉም ሰው ተቀምጦ ስለሚሄድ ለሥራችን ይመቻል፤ ሰውም ከየአገሩ ስለሚሳፈር ለግጥም ብዙ በር ይከፍታል። ከበሮ መቺያችን ዓይናቸውን ለመታከም ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ስለሆነ እስኪመለሱ የሚተካቸው ሰው ያስፈልገናል። ዕድሜው ከ60 ያለፈ፣ ዝም ማለት በሚገባው ቦታ ዝም የሚል ከበሮ መቺ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩት፤ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እድሩ ግቢ ውስጥ አለን።